የድዳው መስፍን ጭንቅላት

ዶንካ በሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ክፉ ነገር ሁሉ ከመድረሱ በፊት የሚታያት ሴት ናት። ጋብሮቮ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት ኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ለታርኖቮ ትኬት በቆረጠች ቁጥር አውቶቡሱ ያንትራ ወንዝ ውስጥ ተገልብጦ ይታያታል፤ አመሻሹ ላይ ሾፌሩ እያፏጨ በደህና ሲመለስ ደግሞ እፎይ በማለት ፈንታ «ለነገ ተላለፈ» ትላለች። ሳትገምተው የደረሰባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ ቡርጋስ ከተማ ሌላ ሚስትና ሁለት ልጆች ኖረውት መገኘቱ። ክህደቱን ትታዋለች፤ አለመገመቷ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄዋን እጥፍ አድርጋዋለች።

ልጇ ካሊና ለትምህርት ቪየና ከሄደች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። መጀመሪያ ሰሞን በስልክ የሚያወሩት «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» ነበር። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ቻው ቻው ነው። ኋላ ካሊና እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊዩበን ከሚባል ልጅ ጋር «ሰባቱ ደወሎች» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ እንደምትጫወት ዶንካ ሰማች። ጎራዴ አለበት፣ ጠንቋይ አለበት፣ ሬሳ ተነሥቶ ይሄድበታል። ልትከለክል አሰበች። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጅ መከልከል እንደማይቻል ሲገባት ደግሞ ልትሰልል ገባች። ጨዋታውን ኮምፒውተሯ ላይ ለመጫን ሦስት ቀን ፈጀባት። ገብታም ቀረች።

እዚያ ውስጥ ዶንካ ሐኪም ናት። ካሊና ቀስተኛ ናት። ሊዩበን «ወርቃማው ተኩላ» በሚል ስም ጎራዴውን ይዞ ከፊት ይሮጣል። ዶንካ አትሮጥም። በር ስታገኝ መጀመሪያ በመስኮት ታያለች፤ ድልድይ ስታገኝ ሌሎቹን አስቀድማ ታሳልፋለች። በዚህ ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልሞተችም። ሊዩበን ሰማንያ ሰባት ጊዜ ሞቷል። ዶንካ ትቆጥርለታለች።

ያለፈው እሑድ ሊለያዩ ሲሉ ነው ነገሩ የተበላሸው።

«እማ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የምነግርሽ ነገር አለ» አለች ካሊና።

«አሁን ንገሪኝ።»

«ሲያልቅ ነው የምነግርሽ። ድዳውን መስፍን ይዘነዋል እኮ። እሱን ከገደልን በቃ፣ አለቀ።»

ዶንካ ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ታማለች ብላ አሰበች። ከትምህርት ቤት ተባርራለች ብላ አሰበች። ከሊዩበን አርግዛለች ብላ አሰበች፤ ሐሙስ ደግሞ ጭራሽ ልጅ መውለድ እንደማትችል ተነግሯት ይሆናል ብላ አለቀሰች። ዓርብ ዕለት የሊዩበን የአጎት ልጅ ኒው ዚላንድ እንደሚኖር ትዝ አላትና፣ ወደዚያ ሊሄዱ ነው ብላ ካርታ ፈለገች። ኒው ዚላንድ የካርታው ጠርዝ ላይ ልትወድቅ ተንጠልጥላ አገኘቻት። ቅዳሜ ሲመሽ ግን ሐሳቧ ረጋ። ካሊና ነገሩን የምትናገረው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ጨዋታው የሚያልቀው መስፍኑ ሲሞት ነው። ስለዚህ መስፍኑ መሞት የለበትም።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱም ተገናኙ። ስክሪኑ ጥግ ላይ በትናንሽ መስኮቶች ፊታቸው ይታያል፤ ካሊና ከክፍሏ፣ ሊዩበን ቪየና ሌላኛው ዳር ካለው ቤቱ። በመሀል፣ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ ድዳው መስፍን በሰንሰለት ታስሮ ተንበርክኳል። ፊቱን የሚሸፍን የብረት ቆብ አድርጓል፤ ምላስ የለውም። ሁለት ቃላት ከበላዩ ያበራሉ፤ «ይሙት» እና «ይማር»። የጨዋታው ሕግ የፍርዱን ማኅተም ከሁሉ ያነሰ ለሞተ ተጫዋች ይሰጣል። ማኅተሙ ዶንካ እጅ ነው።

«ሌልያ ዶንካ፣ ይጫኑትና እንገላገል» አለ ሊዩበን። ሌልያ ማለቱ ደግ ነው፤ የጓደኛውን እናት አክስቴ የማይል የጋብሮቮ ልጅ የለም። እሱ ግን የጋብሮቮ ልጅ አይደለም። ወላጆቹ ከዚህ ሄደው እዚያ ቪየና ነው ያሳደጉት።

«ቆይ እስቲ» አለች ዶንካ። «ሰው ዝም ብሎ አይገደልም። ምን አጠፋ?»

«ምን አጠፋ? ሦስት መቶ ሰው ነዋ ያቃጠለው።»

«እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው?»

«አልለኮሰም። ግን እሱ በረገጠበት ደወል አይደወልም፣ ውሻ አይጮህም። ከተማው ሲነድ ማንቂያው ደወል ዝም አለ፤ ሕዝቡ እንደተኛ ተቃጠለ።»

«በመንገድ ማለፉ ነው እንግዲህ ወንጀሉ።»

ካሊና ሳቋን ዋጠችው። «እኔ ግን ኃይሉ እናንተ የምትሉት ብቻ አይመስለኝም» አለች። «ሰው ላይም ይሠራል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ዘበኛውን ትከሻውን ነካ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ዘበኛው አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም።»

«ዘበኛው የሚናገረው ነገር ስላልጻፉለት ነው» አለ ሊዩበን። «ኃይሉ ብረት ላይ ነው። ደወል ብረት ነው፣ አለቀ።»

«ደወል ነሐስ ነው ልጄ» አለች ዶንካ። «ቤተ ክርስቲያን ሄደህ አታውቅም?»

«ነሐስም ቢሆን ያው ነው።»

«ውሻውስ? እሱም ነሐስ ነው?»

ሊዩበን ትንሽ አሰበ። «ሰንሰለት አለው» አለ።

ዶንካ በውስጧ ደስ አላት። ሩብ ሰዓት አልፏል። በዚህ አያያዝ እስከ እራት ያደርሳታል።

«እሺ፣ ምን ፈልጎ ነው ታዲያ?» አለች። «ምክንያት ከሌለው ፍርድ የለም።»

«ዙፋኑን» አለ ሊዩበን።

«ወንድሙን ሲሰቅሉት ሰባቱንም ደወሎች ደውለዋል» አለች ካሊና። «ያን ድምፅ ዳግመኛ መስማት አይፈልግም። ብቀላ ነው።»

«ሁለታችሁም ልጅ ስላልወለዳችሁ ነው» አለች ዶንካ። «ሰውዬው ሕፃን አስተኝቷል።»

ሊዩበን ማዳመጫውን ወደ ጆሮው ጫን አደረገ።

«ምን አስተኝቷል?» አለ ሊዩበን።

«ሕፃን። ታሞ ሦስት ቀን ያልተኛ ሕፃን እዚያ ቤት ውስጥ አለ። ደወል አይደወል፣ ውሻ አይጩህ የሚል ሰው ሌላ ምን ጉዳይ ይኖረዋል? ካሊና ጨቅላ ሆና ጆሮዋን ሲያማት፣ የጎረቤታችንን የፔንቾን የበር ደወል ሽቦ በመቀስ ቆርጬበታለሁ።»

«እማ፣ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ፔንቾም አያውቅም።»

«ሌልያ ዶንካ፣ ቤተ መንግሥቱን ስድስት ፎቅ ፈትሸናል» አለ ሊዩበን። «ሕፃን የለም።»

«የተኛ ሕፃን ያለው ሰው ጎራዴ ይዞ ለመጣ ሁሉ ክፍሉን ይከፍትለታል?»

ሊዩበን ፀጉሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ራሱ አምኗል እኮ» አለ። «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደወል ጠባቂዋ አሮጊት ‹ከተማይቱ እንድትነድ ፈልገህ ነው?› ብላ ጠይቃዋለች። ራሱን ነቅንቆ መለሰላት። ቀድቼዋለሁ፤ ቆዩ ላሳያችሁ።»

አሳያቸው። አሮጊቷ ጠየቀች። የብረት ቆቡ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ሦስት ጊዜ ተነቀነቀ።

«ይኸው» አለ ሊዩበን።

«ይኸው» አለች ዶንካም። «አይደለም ብሏል።»

«እንዴት አይደለም ይላል? ነቀነቀ እኮ!»

«ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቅ አይደለም ማለቱ ነው። ምላስ ቢኖረው በምላሱ ጠቅ ያደርግልህ ነበር።»

«እሱ እናንተ ጋ ነው! በመላው ዓለም...»

«ጋብሮቮ ዓለም ውስጥ አይደለችም?»

ጋብሮቮ ውስጥ ራስን ከላይ ወደ ታች መነቅነቅ አይ ማለት ነው። ሊዩበን በዚህ ጉዳይ ከዶንካ ጋር የቆየ ቁስል አለው። አምና ለአዲስ ዓመት ከካሊና ጋር መጥቶ ሳለ፣ ዶንካ ከምድጃ ትኩስ ባኒጻ፣ አይብ ያለበት ቂጣ፣ አውጥታ «ልጨምርልህ?» አለችው። እሱ በደስታ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። እሷም አይ ካልክማ ብላ ሳህኑን አነሳችው። ሁለተኛ ቀን ሾርባውን፣ ሦስተኛ ቀን የተጠበሰውን ቃሪያ እንዲሁ አነሳችበት። ልጁ በትሕትና ሲራብ ከረመ። ዶንካ ደግሞ ቪየና ያደገ ሰው የኛ ምግብ አይጥመውም ብላ ቂም ያዘች።

«ያንተ ራስ እዚያ አገር ተገልብጧል» አለችው አሁን። «የሱ ደህና ነው።»

ካሊና ግን አልሳቀችም። ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ ነበር።

«ቆይ» አለች። «ሊዩበን፣ አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹አዎ› አለ ብለህ ነው የምትጫወተው?»

«አንቺ ምን አለ ብለሽ ነው?»

«‹አይደለም› አለ ብዬ ነዋ! ያን ቀን አልቅሻለሁ። ለዚህ እኮ ነው ቀስቴን ሁልጊዜ እግሩ ላይ የማነጣጥረው።»

«እኔ ደግሞ ማነጣጠር የማትችዪ መስሎኝ ነበር» አለ ሊዩበን።

«ምን አልክ?»

ዶንካ ጥል ሲመጣ ይታያታል፤ የምትፈልገው ደግሞ ጥል አይደለም፤ ጊዜ ብቻ ነው። «ተዉ እስቲ፤ ማስረጃ እንይ» አለች እንደ ዳኛ። «ሌላ ቦታ ምን ብሎ መለሰ?»

ሊዩበን ተስፋው ለመለመ። «አንደኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት ልጅ ‹ይህ ጎራዴ ያንተ ነው?› አለችው። እንዲሁ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀና ወሰደው። አዎ ማለት ባይሆን ይወስደዋል?»

«የኔ አይደለም ብሎ ወሰደው። ሐቀኛ ሌባ ነው።»

«መነኩሴው ‹ውሃ ትጠጣለህ?› አለው። ነቀነቀ፤ ጠጣ።»

«ያደገበት ቤት ጥሩ ነው። የተማረ ሰው መጀመሪያ አይ ይላል፤ ሲለምኑት ይጠጣል። አንተም ብትለምደው ይበጅህ ነበር።»

«ማንም አልለመነውም እኮ!»

«በዓይን ለምኖታል። መነኩሴ ነው።»

ሊዩበን ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ካሊና ግን እናቷን በካሜራው ውስጥ አተኩራ ታያት ጀመር። ዶንካ ያን አስተያየት ታውቀዋለች። ካሊና ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ የተሰወረችው ድመት ገጠር ሄደች ስትባል እንዲሁ ነበር ያየቻት።

«እማ» አለች ካሊና። «ከማርነው ምን እንደሚሆን አንብበሻል አይደል?»

«እኔ? የት አነባለሁ?»

«ሌላ አገር ይከፈታል አሉ። ስንት ሰዓት ነው የሚጨምረው?»

«ስድሳ» አለች ዶንካ ሳታስበው። ከዚያ ደግሞ «ይላሉ» አለች።

«በሳምንት ሁለት ሰዓት ብንጫወት?»

«ሠላሳ እሑድ።»

ሂሳቡ እንዲህ ቶሎ ከአፏ መውጣቱን ሦስቱም ሰሙት። ዶንካ ማዳመጫዋን አስተካከለች። የሚስተካከል አልነበረም።

«አንቺ መስፍኑ በደለኛ ይሁን አይሁን ግድም የለሽ» አለች ካሊና።

«ግድ አለኝ» አለች ዶንካ ዓይኗን በጨው አጥባ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጨዋታው ሲያልቅ የምነግርሽ አለ ብለሻል። እንዳያልቅ ነው።»

ሊዩበን ቀና ብሎ የቤቱን ጣሪያ ማየት ጀመረ።

«ምን መስሎሽ ነው የምነግርሽ?» አለች ካሊና።

«አልናገርም። ከተናገርኩት ይደርሳል።»

«እማ፣ መጥፎ ነገር አይደለም።»

«አባትሽም ቡርጋስ ስብሰባ ነው ሲል መጥፎ ነገር አይደለም ብሎኝ ነበር።»

«በድምፅ ብልጫ ይወሰን» አለች ካሊና። «ሊዩበን?»

«ይሙት።»

«እኔም ይሙት እላለሁ። ንጹሕ ሰው መሆኑን አምናለሁ፤ ይሙት ግን። ስሞትልሽ፣ ነገሩን ልንገርሽና ይውጣልኝ።»

«ሁለት ለአንድ» አለ ሊዩበን።

«ጥሩ» አለች ዶንካ። ራሷን ለመውቀስ ጊዜ ሳትሰጥ «ይማር» የሚለውን ተጫነችው።

ሰንሰለቱ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ወድቆ ግን አልተሰማም፤ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ጸጥ ብሏል። «ሌልያ ዶንካ...» አለ ሊዩበን በቀስታ። ሰማንያ ሰባት ጊዜ ሲሞት እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አልወጣውም። መስፍኑ ተነሣ። ዶንካን አልፏት ሄደ። ካሊናንም አልፏት ሄደ። ወርቃማው ተኩላ ጎራዴውን ሲመዝ መስፍኑ ትከሻውን ነካ አደረገው፤ በጣም በቀስታ፣ መንገድ ልለፍ እንደሚል ሰው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ።

በትንሹ መስኮት ውስጥ የሊዩበን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ «መስፍኑ የነካው ተጫዋች የሚቀጥለው ደወል እስኪገኝ ድረስ ማይኩ ዝግ ነው።»

«ብያችሁ ነበር» አለች ካሊና። «ሰው ላይ ይሠራል።»

«ብረት ላይ ነው ብሎ ሲከራከር አልነበር?» አለች ዶንካ።

ሊዩበን እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ።

«ምን እያለ ነው?»

«ልክ ነበራችሁ እያለ ነው» አለች ካሊና።

ደወሉን ሊፈልጉ በተከፈተው በር ወጡ። ውጭው በረዶ የሸፈነው ሜዳ ነበር፤ ሬሳ የለበትም፣ የሚሳደድ የለም። ዶንካ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ሄደች። ማንም አልተጣደፈም፤ ከሊዩበን በቀር፣ እሱ ደግሞ መናገር አይችልም። ካሊና የፔንቾን የደወል ሽቦ እንደገና እንድትነግራት ጠየቀች፤ ዶንካ ነገረቻት። ከዚያ ድመቷን ጠየቀቻት፤ ዶንካ እሱንም፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ እውነቱን ነገረቻት። ካሊና በተራዋ ቪየና የገባች ሰሞን ትራም ተሳስታ ተሳፍራ መቃብር ስፍራ እንደወረደችና ለእናቷ ቤተ መጻሕፍት ነኝ እንዳለቻት ተናዘዘች። እንዲህ ግማሽ ሰዓት ሄዱ። በስልክ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም።

ሊዩበን ከመስኮቱ ጠፋ። ሲመለስ ወረቀት ይዟል። በወፍራም ቀለም «ንገሪያት» ተብሎ ተጽፎበታል። ካሜራው ላይ ለጠፈው።

«አላነብም» አለች ዶንካ። «መነጽር አላደረግኩም።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

«እማ፣ ስሚኝ» አለች ካሊና።

ዶንካ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ሰኔ ላይ እጨርሳለሁ። ሊዩበን ሥራውን ከየትም ሆኖ መሥራት ይችላል። ሁለታችንም ጋብሮቮ መጥተን መኖር እንፈልጋለን። የላይኛውን ፎቅ ትሰጪናለሽ ወይ ልንልሽ ነው።»

ዶንካ ለሁሉም ተዘጋጅታ ነበር። ለበሽታው የትኛው ሐኪም ጋ እንደምትሄድ ታውቃለች። ለኒው ዚላንድ የበረራውን ሰዓት አጣርታለች። ለእርግዝናው ሱፍ ክር ለይታ አስቀምጣለች። ለዚህ ግን አንዲት ቃል አላዘጋጀችም። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እማ?» አለች ካሊና። «አንቺንም ነካሽ እንዴ?»

«የላይኛው ፎቅ ምድጃ ያጨሳል» አለች ዶንካ በመጨረሻ። «ጭስ ማውጫው ከተጠረገ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እንደተኛችሁ ታፍናችሁ ትቀራላችሁ። ደረጃውም አለ፤ ሦስተኛው እርከን ላልቷል፤ ያ ልጅ እዚህ እንደሚሮጠው እዚያ ከሮጠ ሰማንያ ስምንተኛው ሞቱ የምሩን ነው የሚሆነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሶኬት...» እርሳስ አንሥታ፣ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ የጭስ ማውጫ ጠራጊውን ስም መጻፍ ጀምራለች። «ሶኬቱ ደግሞ ከቧንቧው አንድ ስንዝር አይርቅም። ማን እንደሠራው እግዜር ይወቀው። መስኮቱም ሲከፈት ወደ ውጭ ነው፤ ሰው ተደግፎት...»

ሊዩበን ወረቀቱን ገልብጦ በችኮላ ጻፈና ወደ ካሜራው አስጠጋው። «እሺ ነው ወይስ እምቢ?» ይላል።

«ዝም በል» አለችው ካሊና። «ገና ጣሪያው ጋ አልደረሰችም።»